ከምሳ መልስ የሚሞት መስመር

ቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የጅምላ ዕቃ መጋዘን አለ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዱቄት ከዚያ ይወጣል። ስሙን አልጠራም። ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የትኛውም የጭነት መኪና ያለ መውጫ ወረቀት በሩን አያልፍም፤ ወረቀቱ ደግሞ ከኮምፒውተር ነው የሚታተመው። ገጹ አልከፈት ሲል ግቢው ውስጥ አይሱዙ ይሰለፋል። ሹፌር ይነጫነጫል። ረዳት ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ከመስኮቱ ጀርባ ደግሞ በየቢሮው የለመድነው መልስ ይመጣል፦ "ሲስተም የለም።"

እኔ የተጠራሁት ይሄ መልስ የየዕለት ሲሆን ነው። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ገጹን በሚያቀርበው ዌብ ሰርቨርና ፕሮግራሙን በሚያሠራው አፕሊኬሽን ሰርቨር መካከል ፋየርዎል (የሚያልፈውን የሚቆጣጠር የኔትወርክ ዘብ) ያስገባ ቤት ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው ይችላል። የምጽፈው ሁላችንም የምናደርገው ፍተሻ "ደህና ነው" እያለ እንዴት እንዳታለለን ለማሳየት ነው።

አቀማመጡ

ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ያሉት እዚያው ግቢ፣ ከቢሮው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ፊት ላይ የሚቆመው ዌብ ሰርቨር አፓቼ 2.4 ነው። ከመርካቶ፣ ከቢሾፍቱና ከአዳማ ሱቆች የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው እሱ ነው፤ የግቢው ሠራተኞችም የሚገቡት በእሱ በኩል ነው። ከኋላ ያለው አፕሊኬሽን ሰርቨር ቶምካት 9 ነው። ክምችቱን የሚቆጥረውና ወረቀቱን የሚያወጣው ፕሮግራም እዚያ ላይ ነው ያለው። ሁለቱ የሚነጋገሩት ሞድ ጄኬ በሚባል የአፓቼ ሞጁል፣ ኤጄፒ በሚባል ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ)፣ በ8009 ፖርት (የማሽኑ በር ቁጥር) በኩል ነው።

ኤጄፒ አንድ ጠባይ አለው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ኮኔክሽን፣ ማለትም በሁለቱ ማሽኖች መካከል አዲስ የመገናኛ መስመር፣ አይከፍትም። አንዴ የከፈተውን ይዞ ይቆያል፤ ለሚቀጥለውም ጥያቄ ያንኑ ይጠቀማል። እንዲህ የሆነው ለፍጥነት ነው። ስለዚህ አፓቼ ሁልጊዜ በእጁ የተከፈቱ መስመሮች አሉት። ይህን ልብ በሉ።

ቀድሞ ሁለቱ ማሽኖች አንድ ስዊች ላይ ነበሩ። ኦዲት የመጡ ሰዎች "ከኢንተርኔት የሚታየው ማሽን ዳታው ካለበት ማሽን መለየት አለበት" አሉ። ትክክል ናቸው። በመሃል ፋየርዎል ገባ። በዚያው ሰሞን ቶምካቱም ከአሮጌ ቨርዥን ወደ አዲስ ተሻሻለ። ሁለት ለውጥ በአንድ ሰሞን ሲደረግ መርማሪው ይደናገራል። ግን ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሥራ የሚቋረጥበት አንድ እሁድ ሲገኝ ሁሉም የከረመ ሥራውን ይዞ ይመጣል።

ቅሬታው

ዲስፓች መስኮት ላይ የሚሠሩት ሴት ግቢው በሙሉ "እትዬ" ነው የሚላቸው። መጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ጋ ነው።

"እትዬ፣ መቼ መቼ ነው የሚያስቸግርዎት?"

"ጠዋት ስንገባ ነው። ከምሳም ስንመለስ። መሃል ላይ ምንም አይለኝም።"

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ?"

"ሪፍሬሽ ነዋ! ሦስቴ አራቴ ስጫነው ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ግማሹ መጥቶ ግማሹ ይቀራል።"

"በየቀኑ ነው?"

"በየቀኑ። ዓርብ ግን ይብሳል።"

ይቺን ዓርብ ያዝኳት። እትዬ ሌላም ነገር ሰጡኝ። መኪና በቆመባቸው ቁጥር ሰዓቱንና የታርጋ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ኋላ "ለምን አዘገየሽ" ሲሏቸው መልስ እንዲኖራቸው ነው። ካገኘሁት ማስረጃ ሁሉ የተሻለው ያ ደብተር ሆነ።

ስለ ምክንያቱ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ማብራሪያ ነበረው። ጥበቃዎቹ መብራት ነው ይላሉ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ሱቆቹ ኔትወርክ ነው ይላሉ። የአይቲ ልጁ የቶምካቱን ማሻሻያ ይጠረጥራል፤ ራሱ ስለሠራው ጭንቀቱ ይገባኛል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ማሽኑ አንሷል ባይ ናቸው። "ጠዋትና ከምሳ በኋላ ሁሉም ሰው ባንዴ ነው የሚገባው፤ አልቻለውም" አሉኝ። ለትልቅ ሰርቨር ፕሮፎርማ መሰብሰብ ተጀምሯል።

የሥራ አስኪያጁ ሐሳብ ሰዓቱን ስለሚያብራራ ሰው ያሳምናል። ግን በዚያች ሰዓት የሁለቱም ማሽን ሲፒዩ ሥራ ፈትቶ ነው የተቀመጠው። ሚሞሪውም አልሞላም። ጫናው የሚበረታው ረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም አያማርርም። መብራቱንም ቶሎ ጣልኩት። ማሽኖቹ ዩፒኤስ ላይ ናቸው፤ ከተነሱ ሳምንታት አልፏቸዋል፤ በመሃል አልጠፉም። የውጭው ኔትወርክ ነው እንዳይባል፣ እዚያው ግቢ የተቀመጡት እትዬ እንደ አዳማው ሱቅ እኩል ይቸገራሉ።

የልጁን ጥርጣሬ ግን በቁም ነገር ነው ያየሁት። መነሻ አለውና። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ጎስትካት የሚባል የደኅንነት ቀዳዳ በቶምካት ኤጄፒ ላይ ይፋ ሆነ፤ መለያው ሲቪኢ-2020-1938 ነው። ከ9.0.31 ጀምሮ ኤጄፒ እንደ ድሮው ተከፍቶ አይመጣም። ስትከፍተውም፣ ሌላ ካልነገርከው፣ የሚያዳምጠው ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ብቻ ነው። የሚስጥር ቃልም ይጠይቃል። ይህን ሳያውቅ ያሻሻለ ሰው በማግስቱ ጠዋት ራሱን ይዞ ይቀመጣል።

ግን የዚህ ስህተት መልኩ ሌላ ነው። አድራሻው ካልተስተካከለ አፓቼ "ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" ይላል፤ በሊኑክስ (የማሽኖቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ቁጥሩ 111 ነው። የሚስጥር ቃሉ ካልገጠመ 403፣ ማለትም "አልተፈቀደም"፣ ይመጣል። ሁለቱም ቢሆኑ ለሁሉም ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ነው። ከምሳ መልስ ብቻ የሚረሳ የሚስጥር ቃል የለም። ልጁ ማሻሻያውን አጥርቶ ነው የሠራው። ይህንኑ ሥራ አስኪያጁ ባሉበት ነገርኩት።

ሦስት ሰዓት በአንድ ክፍል

ልጁ ሎጉን፣ ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ አላየሁም አላለም። "አይቻለሁ፣ ምንም የለውም" ነው ያለው። እውነቱንም ነው።

የእትዬ ደብተር በእኛ ሰዓት ነው። 7:40 ብለው ጽፈዋል። አፓቼ የሚጽፈው በአዲስ አበባ ሰዓት ሆኖ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ያው ቅጽበት እዚያ 13:40 ይባላል። የቶምካቱ ማሽን ደግሞ ሲተከል ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ዩቲሲ ላይ እንደነበረ ቀርቷል። እዚያ ላይ 10:40 ነው። ልጁ ደብተሩን ይዞ የቶምካቱን ሎግ 7:40 ላይ ነበር የሚያገላብጠው። ያ እኮ በእኛ ረፋዱ 4:40 ነው፤ ሁሉም ነገር ሰላም የሆነበት ሰዓት።

ሦስቱን ሰዓቶች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፍናቸውና እንደገና ጀመርን። በትክክለኛው ሰዓት ብንፈልግም ቶምካት ሎግ ላይ ያ ጥያቄ የለም። ይሄኛው "የለም" ግን ከመጀመሪያው ይለያል። ጥያቄው ቶምካት ጋ አልደረሰም ማለት ነው።

አፓቼ በኩል ደግሞ የሎጉ አጻጻፍ ሰውን ያሳስታል። አፓቼ ሰዓቱን የሚይዘው ጥያቄው ሲገባ ነው፤ መስመሩን የሚጽፈው ግን ጥያቄው ሲያልቅ ነው። ስለዚህ 13:40 የገባ ጥያቄ ብዙ ቆይቶ፣ በ13:55 መስመሮች መካከል ተሸጉጦ ይገኛል። ከላይ ወደ ታች የሚያነብ ሰው ያልፈዋል። የተለመደው የሎግ ፎርማት ደግሞ እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ አይጽፍም። እሱን ጨመርንበት። በማግስቱ ከሌሎቹ የሚለዩ መስመሮች ታዩ። ጤነኛው ጥያቄ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው የሚያልቀው። የታመመው 15 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ የፈጀ የለም። ሁሉም እዚያችው አካባቢ ነው።

እንዲህ ያለ ቋሚ ቁጥር ስታዩ ጫና ነው የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ጫና ቁጥር አይጠብቅም። የሆነ ቦታ የሚቆጥር ሰዓት አለ ማለት ነው።

ቴልኔት ይገናኛል

"ኔትወርኩማ ደህና ነው" አለኝ ልጁ። ችግሩ እየተከሰተ እያለ ከአፓቼው ማሽን ወደ ቶምካቱ 8009 በቴልኔት፣ አንድ ፖርት መከፈቱን በሚሞክር ትዕዛዝ፣ ሞከረልኝ። ወዲያው ተገናኘ። ፒንግም (ማሽኑ በኔትወርክ መኖሩን የሚጠይቀው) ይመልሳል። ይሄን ፍተሻ ያላደረገ የሲስተም ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜም ይጠቅማል፤ ፖርቱ መከፈቱን፣ ፋየርዎሉ መፍቀዱን ይነግርሃል።

ግን ቴልኔት የሚፈትነው አሁን የሚከፈተውን ኮኔክሽን ነው። አፓቼ የሚልከው ከሁለት ሰዓት በፊት በከፈተው ላይ ነው። ስለ አሮጌው ቴልኔት ምንም አያውቅም።

ልጁ ሳያስበው ትልቁን ፍንጭ የነገረኝ እዚህ ላይ ነው። "ቶምካትን ሪስታርት ሳደርገው አይለቅም። አፓቼን ሳደርገው ግን ወዲያው ይለቃል" አለ። በዚህም የተነሳ አፓቼን በየቀኑ ጠዋት ከሥራ በፊትና ምሳ ሰዓት ላይ ራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ በተቀጠረለት ሰዓት ትዕዛዝ በሚያስነሳው ክሮን ላይ ጽፎት ነበር። ይረዳል፣ ግን ሁሌ አይደለም። በምሳ ሰዓት ሪስታርቱ ሲሮጥ ሰው ገና ምሳ ላይ ነው፤ የተወሰኑት ሱቆች ገጹን ይነካካሉ፣ አዳዲስ ኮኔክሽን ይከፈታል፣ ያም ሰው እስኪመለስ ሊሞት ይችላል።

የታመመው ቶምካት ቢሆን ኖሮ ቶምካትን ማስነሳት ይፈውሰው ነበር። የሚፈውሰው አፓቼን ማስነሳት ከሆነ በሽታው ያለው አፓቼ በእጁ በያዘው ነገር ላይ ነው። በእጁ የያዘው ደግሞ እነዚያ አሮጌ መስመሮች ናቸው።

ሽማግሌ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። እስከዚያች ሰዓት ሁሉም ሰው ይመለከት የነበረው ወይ አፓቼን ነው ወይ ቶምካትን፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያየ አልነበረም። ሁለት ስክሪን ከፈትን። በሁለቱም ማሽን ላይ ኤስኤስ በምትባለው ትዕዛዝ በ8009 ላይ ያሉትን ክፍት ኮኔክሽኖች ቆጠርን። በጤናማ ቤት ሁለቱ ቁጥር እኩል መሆን አለበት፤ አንድ መስመር ሁለት ጫፍ ነው ያለው።

እኩል አልነበረም። አፓቼ ጥቂት ደርዘን አለኝ ይላል። ቶምካት ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አለኝ ይላል። ቶምካት የዛሬ ሳምንት የተከፈቱ፣ በአፓቼ በኩል ጫፍ የሌላቸው መስመሮችን ታቅፎ ተቀምጧል። አፓቼ ሪስታርት ሲደረግ "ዘግቻለሁ" የሚል ፓኬት (ትንሽ የዳታ ጥቅል) ይልካል። ያ ፓኬት አልደረሰውም። የቶምካት ኤጄፒ ደግሞ ሥራ የፈታን ኮኔክሽን በራሱ አይዘጋም፤ ካልነገርከው በቀር ገደቡ −1 ነው፣ ማለትም ገደብ የለውም። ዘመኑን ሙሉ ይጠብቃል።

በመሃል የሚበላው ማን ነው? የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ቲሲፒ ዳምፕን በሁለቱም በኩል ከፍተን የእትዬን ከምሳ መመለስ ጠበቅን። እትዬ ገጹን ከፈቱ። አፓቼ በኩል ጥያቄው ሲወጣ ታየ። መልስ የለም። እንደገና ተላከ። ከዚያ ደግሞ፣ የመጠበቂያው ጊዜ በየመሃሉ እጥፍ እየሆነ፣ ደጋግሞ ላከ። ቶምካት በኩል ባለው ስክሪን ላይ አንዲት ፓኬት አልገባችም። ልጁ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያየ "እና የት ነው የሚሄደው?" አለ። በሁለቱ መካከል ከፋየርዎሉ ሌላ ምንም የለም።

የፋየርዎሉ ዕቃ የሚተዳደረው በውጭ ባለሙያ ነው። ደወልንለት። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፦ ሥራ የፈታ የቲሲፒ ኮኔክሽንን ከስንት ጊዜ በኋላ ከሠንጠረዡ ያወጣዋል? "አንድ ሰዓት" አለ። "ካወጣው በኋላ በዚያ ላይ ፓኬት ቢመጣስ?" "ዝም ብሎ ይጥለዋል።"

ነገሩ እዚህ ላይ ገጠመ። ፋየርዎል የሚያልፈውን እያንዳንዱን ኮኔክሽን ይመዘግባል። መዝገቡ ወሰን ስላለው ለረጅም ጊዜ ዝም ያለውን ይሰርዛል። ለሁለቱ ማሽኖች ግን አይነግራቸውም። አፓቼም ቶምካትም መስመሩ እንዳለ ነው የሚያምኑት። ምሳ በዚያ ግቢ ከ6:30 እስከ 7:30 ነው፤ በትክክል አንድ ሰዓት። አንዳንዱ መስመር ይሞታል፣ አንዳንዱ ለጥቂት ያመልጣል። ሪፍሬሽ ሲደጋገም ከሕያዋኑ አንዱ ወይም አዲስ ኮኔክሽን ይደርሳል፤ ገጹ ይመጣል። "ግማሹ መጥቶ ግማሹ ይቀራል" የሚለውም ይሄው ነው፤ ብራውዘሩ ለአንድ ገጽ ብዙ ጥያቄ በትይዩ ይልካል፣ አንዱ ሕያው መስመር ላይ ሌላው ሙት መስመር ላይ ይወድቃል። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሲባል ዕረፍቱ ከ5:30 ይጀምራል። ሁለት ሰዓት። የሚተርፍ መስመር የለም።

ለማረጋገጥ ያህል በዕረፍት ቀን ሞከርነው። 50 ደቂቃ ዝም አሰኝተን ስንልክ ይሄዳል። 70 ደቂቃ ስናቆየው ይጠፋል።

15 ደቂቃዋና ሌባው

15 ደቂቃ ተኩል ገደማ ከየት መጣች? ከሊኑክስ። መልስ ያጣ ፓኬትን ሊኑክስ ዝም ብሎ ለዘላለም አይልክም። ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንደሚልክ የሚወስነው፣ ቲሲፒ ሪትራይስ 2 የሚባለው ቁጥር 15 ነው፤ ይህም ቢያንስ ወደ 924 ሰከንድ ይሆናል። 15 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ማለት ነው። ያ ሲያልቅ ብቻ ነው አፓቼ 110 ቁጥር ያለውን "ኮኔክሽን ታይምድ አውት" የሚሰማው።

በዚህ መሃል ተጠቃሚው ተስፋ ቆርጦ ሪፍሬሽ አድርጓል። የአፓቼው ያ ክር፣ ጥያቄውን የያዘው ሠራተኛው፣ ግን አያውቅም፤ ተጠቃሚው መሄዱን ሳያይ 15 ደቂቃውን ሙሉ እዚያው ተገትሮ ይቆያል።

ከዚያስ? ለእኔ ከሁሉ የከበደው ይሄ ነው። ሞድ ጄኬ ስህተቱን ሲሰማ ጥያቄውን አይጥለውም። ማዋቀሪያው እንዳለ ከተተወ በሌላ ኮኔክሽን እንደገና ይልከዋል። ገጽ ለማየት የተላከ ጥያቄ ከሆነ ጉዳት የለውም። እትዬ "ወረቀት አውጣ" የሚለውን ተጭነው ከሆነስ? መጀመሪያ የተጫኑት ሙት መስመር ላይ ተሰቀለ። ሪፍሬሽ አደረጉ፣ በሌላ መስመር ሄደ፣ ወረቀቱ ታተመ፣ መኪናው ወጣ። ከ15 ደቂቃ ተኩል በኋላ የተሰቀለው ጥያቄ ነፍስ ዘርቶ ቶምካት ጋ ደረሰ። ቶምካት ሁለተኛ ወረቀት መዘገበ። ማንም አላተመውም፣ ማንም አላየውም። ክምችቱ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ተቀነሰ።

ይህን ስናገር የሒሳብ ክፍሉ ሰው ከወንበሩ ተነሳ። ለካ ለወራት የቆየ ጉዳይ ነበረ። በቆጠራ ላይ ያለው ዕቃ ከመዝገቡ ይበልጣል። ሲበልጥ ሰው ብዙ አይደነግጥም እንዳትሉ። "ዕቃ ለማውጣት አስቀድሞ ወረቀት እየተሠራ ነው፣ አጋጣሚ እየተጠበቀ ነው" ተብሎ ስቶር ኪፐሩ ላይ ጥርጣሬ ወድቋል። የሁለት ወር ማብራሪያ ተጠይቆ መልስ አጥቷል። ከየት ያመጣዋል?

ከዳታቤዙ አንድ ዝርዝር አወጣን፤ አንድ ዓይነት ታርጋ፣ አንድ ዓይነት ጭነት፣ በሁለቱ መካከል ከ15 እስከ 17 ደቂቃ ያለ። ገጽ ሞልቶ ወጣ። ከእትዬ ደብተር ጋር አስተያየነው። አብዛኞቹ "ሲስተም የለም" ከተጻፈበት ሰዓት ጋር ገጠሙ። ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን ራሳቸው ይዘው ወደ መጋዘኑ ወረዱ። እዚያ ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ትልቁ ሰርቨር ፕሮፎርማ ማንም አላነሳም።

ጥገናው

የመጀመሪያው የሁሉም ሐሳብ "የፋየርዎሉን ገደብ እናንሳው" ነው። ባለሙያው እምቢ አለ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ገደቡ የተቀመጠው መዝገቡ በሙታን እንዳይሞላ ነው፤ የእኛን ሁለት ማሽን ለማስደሰት ቤቱን በሙሉ መክፈት አይገባም። ይልቅ የጠየቅነው ሌላ ነው፦ በዚህ አንድ ሕግ ላይ የተሰረዘ ኮኔክሽን ፓኬት ሲመጣበት ዝም ብሎ ከመጣል የ"ሪሴት"፣ ማለትም "ይህ መስመር ተቆርጧል" የሚል፣ መልስ እንዲሰጥ። እሱን ፈቀደ። ይሄ ብቻውን 15 ደቂቃዋን ወደ ቅጽበት ያወርዳታል።

ዋናው መድኃኒት ግን መስመሩን ፋየርዎሉ ሳይገድለው በፊት ራሳችን መዝጋት ነው። ሞድ ጄኬ ላይ ኮኔክሽን ፑል ታይምአውት የሚባል አለ። 600 አደረግነው፤ 10 ደቂቃ ሥራ የፈታ መስመር ይዘጋል። ቶምካት ላይ ደግሞ የኤጄፒው ኮኔክሽን ታይምአውት ከዚህ ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ሞድ ጄኬ የሚቆጥረው በሰከንድ ነው፣ ቶምካት በሚሊሰከንድ። አንዱ 600 ከሆነ ሌላው 600000 ነው። በሁለቱም 600 የጻፈ ሰው ቶምካቱ መስመሩን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይዘጋበትና አዲስ ችግር ይጀምራል።

ይሄን ካደረግን በኋላ ቅሬታው ቀነሰ፤ አልጠፋም። እትዬ "ተሽሎታል፣ ግን ገና ነው" አሉ። ምክንያቱ ኮኔክሽን ፑል ሚንሳይዝ ነው። ሞድ ጄኬ ሥራ የፈቱትን ሲዘጋ ሁሉንም አይዘጋም፤ ካልነገርከው ግማሹን ያስቀራል። በአንድ የአፓቼ ፕሮሰስ 25 ክር ካለ 13 መስመር ሊቀር ይችላል። 0 አደረግነው። በተጨማሪም የጄኬ ዋችዶግን በየ60 ሰከንዱ እንዲነሳ አደረግን። እሱ ከሌለ የማጽዳቱ ሥራ የሚሠራው ጥያቄ ሲመጣ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ጥያቄ የለም።

ልጁ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሶኬት ኪፕአላይቭ የሚለውን ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ ከፍቶት ነበር። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ያልሠራለት ሊኑክስ የመጀመሪያውን የ"አለህ ወይ" ፓኬት የሚልከው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ስለሆነ ነው። ሁለት ሰዓት። ፋየርዎሉ በአንዱ ይገድላል። ቁጥሩን ማሳነስ ይቻላል፤ እኔ ግን መስመሩን መዝጋት ከበቃ የሊኑክሱን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ለመነካካት ምክንያት አልታየኝም።

እንደ መጠባበቂያ ፒንግ ሞድን ኤ ላይ አደረግነው። አፓቼ ጥያቄ ከመላኩ በፊት ቶምካትን "አለህ?" ይለዋል፣ መልስ ካላገኘ ያንን መስመር ይጥላል። የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ነው። ይህን ብቻ አድርገው የሚተዉ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም፤ ሙት መስመር በተገኘ ቁጥር ሰው 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ በርካታ ሙታን ካሉ ደግሞ ይደራረባል።

ሪከቨሪ ኦፕሽንስን 3 አደረግን። ቶምካት ሊቀበለው ይችል የነበረን ጥያቄ ሞድ ጄኬ በራሱ ፈቃድ ደግሞ እንዳይልክ ነው። ስህተት ከመጣ ሰው ይየው፤ ወረቀት ሁለቴ ከሚወጣ ገጽ ላይ ስህተት መታየቱ ይሻላል። መልስ የሚጠበቅበትን ገደብ፣ ሪፕላይ ታይምአውትን፣ ግን ሆን ብዬ አልነካሁም። የወር መጨረሻ የክምችት ሪፖርት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ገደብ ቢደረግበት መሃል ላይ ይቆረጣል።

ኤጄፒን ትተን ብራውዘር በሚጠቀምበት ፕሮቶኮል፣ በኤችቲቲፒ፣ እንሂድ ወይ የሚል ጥያቄ ተነሳ። አዲስ ቤት ብሠራ እንደዚያ ነው የማደርገው። ቶምካት ይዞት በሚመጣው ማዋቀሪያ የኤችቲቲፒው ገደብ 20 ሰከንድ ስለሆነ ይሄ በሽታ ላይታይ ይችል ነበር። ግን በሽተኛው አልጋ ላይ እያለ አልጋውን መቀየር አልፈለግኩም። ወደፊት ይታሰብበታል።

በሁለቱም በኩል መቁጠሩን ቀጠልን። የምሳ ሰዓት ሲጋመስ ሁለቱም ማሽኖች በ8009 ላይ የሚያሳዩት ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ሰው ሲመለስ አብረው ከፍ ይላሉ። ቁጥሮቹ ተገናኙ። ዓርብም መጣና አለፈ።

የክሮኑ ጉዳይ ትንሽ አከራከረን። "ይቆይ፣ ምን ይጎዳል?" አሉ ሥራ አስኪያጁ። በምሳ ሰዓት የሚሠሩትን ሱቆች ያቋርጣል። ከዚያም በላይ ችግሩ ነገ በሌላ መልክ ቢመለስ ይሸፍነዋል፤ እኛ የምናውቀው እንደገና ከወራት በኋላ ነው። ልጁ ራሱ አጠፋው። በምትኩ የሁለቱን ማሽን ቁጥር በየ10 ደቂቃው አወዳድሮ ልዩነት ሲያይ መልእክት የሚልክለት አጭር ስክሪፕት ጻፈ። የቶምካቱንም ማሽን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ አመጣው።

አንድ ሥራ ቀርቷል። ፕሮግራሙ አንድን ወረቀት ሁለት ጊዜ ለማውጣት የመጣን ጥያቄ አይለይም፤ እያንዳንዱ ቅጽ አንዴ ብቻ የሚያገለግል መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ያ የፕሮግራም ሠሪዎቹ ድርሻ ነው፤ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። እስኪሠሩት ድረስ የሒሳብ ክፍሉ ሰው ያንን የድርብ ወረቀት ዝርዝር ማታ ከመውጣቱ በፊት ያወጣል።